የጁምዓ ጥያቄዎችህ

ሐይቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልመናን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዶክተር ሆንህ አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ሙዓዝ ምን እንደያዘ አያውቅም። እሱን ሸኝተህ ብቻህን አንብበው።

ሆላንድ ልትሄድ ስትል ትምህርትህን ለአባ ያስረዳህበት ቀን ትዝ ይለኛል። ዓይናቸው ቀለም አይለይም። ቀይና አረንጓዴ ክር አስያዝሃቸውና፣ ከፈለጉ ከጀርባዎ ያቀያይሯቸው፣ ካልፈለጉ ይተዉት አልሃቸው። ባሳዩህ ቁጥር "ቀይረዋል"፣ "አልቀየሩም" እያልህ አንዴም አልሳትህ። "እንደሚለያዩስ አመንሁ፤ የቱ ቀይ እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅ" ብለው ሳቁ። "ሥራዬ እሱ ነው አባ፣ ምስጢሩን ሳያወጡ ማሳመን" አልህ። በኳንተም ማሽን ሲሆን ይብሳል፣ ማሽኑ የያዘው ነገር ግልባጭ ስለማይወጣለት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጠየቅ የለም አልኸን። እኔም ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።

አባ ታመሙ፣ በስልክ የሚሰማ ድምጽ የላቸውም ብዬ ስጽፍልህ አልመጣህም። ማስረጃ ጠየቅህ። በየጁምዓው እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ትጠይቃለህ፣ እኔ መልሱን እልካለሁ። አንድ ጊዜ፣ ታንኳችን የተገለበጠ ቀን ሐይቁ ዳር ምን አሉኝ ብለህ ላክህ። "ለእህትህ ለረቢያ እንዳትነግራት" ብዬ መለስሁ። "በቃ ደህና ናቸው" ብለህ ወደ መመረቂያ ጽሑፍህ ተመለስህ።

አይ ሞኙ። የሁለታችሁ ምስጢር መስሎሃል። የዚያኑ ዕለት ልብሳቸው ሳይደርቅ ነግረውኛል። አባ እኔን የደበቁኝ ነገር የለም።

ጥር ላይ አምባሰል፣ ከአባታቸው ጎን ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲህ የላክሁልህ መልስ ሁሉ የራሴ ነው። አጎታችን ኑርዬ፣ ትምህርቱን ይጨርስና መርዶው በወጉ በሽማግሌ ይነገረዋል አሉ። እስክትጨርስ ዝም አልሁ፣ ሽማግሌውን ግን ከለከልሁ። ሰው ከብቦህ፣ ትከሻህን ይዞህ እንድትሰማው አልፈለግሁም። እኔን የያዘኝ የለም። በል አሁን ወደ ኋላ ተመልሰህ ጠይቃቸው።

ያረፉ ዕለት ጠዋት፣ ድምጻቸው ወጣ አይባልም፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት፣ "መናን ይመጣል ወይ?" አሉኝ። "መንገድ ላይ ነው አባ" አልኋቸው።

አመኑኝ። ማስረጃ አልጠየቁኝም።

አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ።

እህትህ ረቢያ