ከእነሱ በፊት ሙሉካ ነበረች

ውድ ሙሉካ፣

ከሕሙማንሽ ፋታ ስታገኚ ተቀምጠሽ አንብቢው። የዲላ ሬዲዮ ጂንካ ድረስ አይሰማም፤ በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ወሬዬን ያበላሽብኛል።

ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየቆረጥኩ ሬዲዮ ከፍቻለሁ። ግዛቸው የሚባለው አቅራቢ የዲላን ራፕ ታሪክ ያወራል። ጆሲን አመሰገነ፣ ከፍያለውን አመሰገነ፣ የዩኒቨርሲቲውን ልጆች አመሰገነ። አንዲት ሴት እንኳ ሳያነሳ ሊጨርስ ሲል መቀሱን ጥዬ ደወልኩ። ተማሪ ሳለን አስተማሪ ሲጠይቀኝ ድምፄ ይጠፋ የነበረው እኔ፣ በቀጥታ ስርጭት!

«ከእነሱ ሁሉ በፊት ሙሉካ ነበረች» አልኩት።

«ሙሉካ ደግሞ ማናት?»

ነገርኩት። በ1997 የወጣቶች ቀን ራፕ ልትወዳደሪ ስትመጪ፣ አስተባባሪው «ሴት ልጅ ትወዛወዝ እንጂ ራፕ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ከውዝዋዜው ቡድን እንደቀላቀለሽ። ውዝዋዜው አልቆ ሌሎቹ ሲወርዱ አንቺ ማይኩን ይዘሽ እንደቀረሽ። ሙዚቃውን ሲያጠፉብሽ እናትሽና አብረዋቸው ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ከኋላ ቆመው በጭብጨባ ምት እንደሰጡሽ። አንቺም በጌዴኦኛ የእያንዳንዳቸውን ስም እየጠራሽ አዳራሹን እንዳናወጥሽው።

«ደስ ይላል፤ ግን የተቀረጸ ነገር አለ? ሌላ የሰማ ሰውስ?» አለኝ።

የቀረጸሽ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ሌላ መስመር ገባ።

«እኔ አለሁ! ሀዲጃ እባላለሁ፤ ከኋላ ቆመው ካጨበጨቡት ቡና ለቃሚዎች አንዷ ነኝ። በሰርጌ እንኳ ስሜን ጠርቶ የዘፈነልኝ የለም። ያቺ ልጅ ግን ‹የሀዲጃ እጅ ክፉውን ፍሬ ሳያይ ይለያል› ብላ ዘፍናልኛለች። ዋሽተሻል የሚለኝ ካለ ይምጣ!»

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ቀጥላ ማርቲ የምትባል መምህርት ቡና ከሚበቅልባት ከኢዲዶ ቀበሌ ደወለች። ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆና ከፊት ወንበር አይታሽ ነበር። አሁን ሴት ተማሪዎቿን ሰብስባ ራፕ ታለማምዳለች። «አንዷ አጠገቤ ናት» አለችና ስልኩን ሲፈን ለምትባል ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ሰላም እንኳ ሳትል ጀመረች፦

«ቡናው ባሕር ማዶ ስሙ ሲጠራ፣
ለቃሚዋን ረስተህ ስለ ቡና አታውራ!
እኔ ነኝ፣ ሲፈን ነኝ፣ የኢዲዶ ልጅ ነኝ፣
ስሜን ሳትጠሩ ቡናውን አትጠጡብኝ!»

ሙሉካዬ፣ ይህቺ ልጅ አይታሽ አታውቅም። ግን አንቺን ሰማሁ። ገበያተኛው ሱቄ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ እኔም «ጓደኛዬ ናት ያስጀመረቻቸው!» እያልኩ እጮሃለሁ።

ግዛቸውም «አድማጮቼ፣ ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመርኩላችሁ» አለ።

ስልክሽን ጠይቆኛል፤ ሳላስፈቅዳት አልሰጥም ብዬዋለሁ። ለደራሮ፣ ለጌዴኦ የምስጋና በዓላችን ግን መቅረት የለም። ኢዲዶ ይዤሽ እንደምሄድ ለሲፈን ቃል ገብቼላታለሁ።

በአንቺ ደረቷን ነፍታ የምትሄደው ጓደኛሽ፣
ፈይዛ
ዲላ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.