የሾላው የሌሊት ወፎችና የእኔ ነጭ ጋውን

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

እዚህ ከዚራ ከእኔ በቀር የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሾላው ይቆረጥ ብሎ ፈርሟል። የሌሊት ወፎቹ የተሰጣ ልብስ በኩሳቸው ያበላሻሉ ነው ምክንያቱ። ትናንት ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ፣ “አቦ፣ አንቺ ምን አለብሽ! የሚበላሸው የኛ ልብስ!” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ነጭ ጋውኔን አጥቤ ዛፉ ሥር አሰጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ዥጉርጉር ሆኖ አገኘሁት። አዴ ዘሃራ ከት ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ እንዳለ ለብሼው ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይዘው ከእድፉ የሾላ ዘር ለቀሙ፤ አፈር በሞላ ጣሳም ዘራነው። ያንን ዛፍ ራሱን ከሌሊት ወፎቹ ሌላ ማን ዘራውና!

ጋውኑን አላጥበውም። መጋዝ ይዘው ሲመጡ እሱን ለብሼ ሾላው ሥር ያገኙኛል።