የተሸነፍሽልኝ ገበጣ

አውበሬ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

አሰላ ላለሽው እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? እኔ አቧራውን ለምጄ ደህና ነኝ። አንቺ ግን አሁን አትመልሺልኝ። በስልክ በጠየቅኩሽ ቁጥር ደህና ነኝ ትይና ወሬውን ወደ ጎረቤት ታዞሪዋለሽ። በወረቀት የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።

በመጀመሪያ ግን ልኩራ፣ ፍቀጂልኝ። ኤዶ ባቱሎን በገበጣ አሸነፍኳቸው! ኤዶ እዚህ አክስት እንደማለት ነው። ከጤና ጣቢያችን አጠገብ የግመል ወተት የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው፤ አማርኛውን ቶጎጫሌ ሲነግዱ ተምረውታል፣ ምላሳቸው እሳት ነው። ከሰዓት በኋላ ወተቱ ሲያልቅላቸው ግራሩ ሥር በጣታቸው ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርጉና ሴቶቹ ይሰበሰባሉ።

የመጣሁ ሰሞን ቆሜ ማየት አላስቻለኝም። በሰባት ዓመቴ እግሬ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ስተኛ አንቺን ያንበረከክኩ ጀግና አይደለሁ? ታውቂበታለሽ ወይ ሲሉኝ የሚያሸንፈኝ አልተወለደም አልኩ። አፌን በቆረጠው! ገና ቁጭ ከማለቴ አንዱን መጫወቻ አነሳሁና የምን ፍሬ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ድርቅ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ክብ ነገር ነው። ሴቶቹ ተያዩ። ነጅማ የምትባል ጎረቤታቸው የፍየል በጠጥ ነው ስትለኝ ሳቃቸው ገበያው ድረስ ተሰማ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ የማይ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ እኮ፤ የፍየሉን አላወቅኩትም።

ከዚያማ ዘጠኝ ቀን ተሸነፍኩ። ዘጠኝ! እኛ ቤት በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ነበር የምናደርገው፣ እነሱ አራት አራት ነው፤ በዚያ አሳበብኩ። ኤዶ ባቱሎ እሺ በእናንተው ይሁን አሉና በሦስትም ባዶ እጄን አስቀሩኝ።

በአሥረኛው ቀን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። እናቴ ናት፣ ግን ሁልጊዜ አሸንፋት ነበር አልኳቸው። በስንት አሉኝ። በአንድ ጠጠር፣ ቢበዛ በሁለት። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። እንግዲያው እናትሽ እንዴት እንደምትጫወት አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። መጨረሻ ላይ ሁሌ እኔ ልበላት የምችላትን ጉድጓድ ክፍት ትተዪልኝና ወይኔ፣ አላየሁሽም ትይ ነበር። ኤዶ ባቱሎ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ፣ ክረምት ሙሉ በአንድ ጠጠር ብቻ የሚሸነፍ ሰው ከሚያሸንፈው በላይ የሚያውቅ ነው፣ ይህቺን ሴት አምጪልኝና ልግጠማት አሉኝ።

እማዬ፣ በኩራት ልፈነዳ ነበር። ተናደድኩም። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስፎክር ሃያ ዓመት ዝም ብለሽ ሰማሽኝ!

ከዚያ ወዲህ አንቺ በተቀመጥሽበት በኩል ሆኜ ማሰብ ጀመርኩ። እዚህ በጣት እየነኩ መቁጠር ነውር ነው፤ የነካሽውን መዝራት አለብሽ። ስለዚህ በዓይኔ ብቻ መቁጠር ተማርኩ። አንቺ ለመሸነፍ የቆጠርሽውን እኔ ለማሸነፍ ቆጠርኩት። አምስት ወር ፈጀብኝ። ባለፈው ማክሰኞ በሁለት ጠጠር አሸነፍኳቸው። አውቀው ተሸንፈውልኝ እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ንዴታቸው የእውነት ነበር። ነጅማ እልልታዋን አቀለጠችው። ኤዶ ባቱሎ ግን የእናትሽ እጅ ነው ያሸነፈኝ፣ አንቺ ምን አለሽ ብለው ወተታቸውን ጋበዙኝ። አሁን በከተማው ስሄድ የገበጣዋ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ባለፈው ሳምንት እህቴ መክሊት የምርመራ ውጤት ፎቶ ላከችልኝ። የጓደኛዬ እናት ናቸው፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ንገሪኝ አለች። ስሙን በአውራ ጣቷ ሸፍናዋለች። ወረቀቱ የተቀመጠበትን ጨርቅ ግን አልሸፈነችውም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የጠለፍሽው ነው፤ ቀለም ያፈሰስኩበት ጥግ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማን እንደሆነ እንዳልገባኝ ሆኜ መለስኩላትና ወዲያው ላንቺ ደወልኩ። ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው አልሽኝ። ድምፅሽ ያኔ ወይኔ፣ አላየሁሽም የምትይበት ድምፅ ነበር።

አሁን ግን መቁጠር ተምሬአለሁ እማዬ።

ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ይህን ደብዳቤ ወደ አሰላ የሚሄድ ባልደረባዬ ያደርስልሻል፣ እኔ በሳምንቱ ከተፍ እላለሁ። ጓሮ ያሉትን ጉድጓዶቻችንን አስጠርጊያቸው። መጫወቻውን ኤዶ ባቱሎ ራሳቸው መርጠው በፌስታል ሰጥተውኛል፤ የምን ፍሬ ነው ብለሽ እንዳታሳፍሪኝ። ሆስፒታልም አብረን ነው የምንሄደው፣ ወረቀቱን አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ደስ ይበላት ብለሽ አንዲት ጠጠር እንዳትለቂ። አደራሽን፣ ይህቺን ጨዋታ አትሸነፊልኝ።

እግዜር ዕድሜና ጤናውን ሳይቆጥር ይስጥሽ።

በአንድ ጠጠር እያሸነፈች ያደገችው ልጅሽ