ማንጎውን የዞረው ሀዲድ፦ የአቶ ወንድምአገኝ በቃሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድምአገኝ በቃሉ ከአባታቸው ከአቶ በቃሉ ተክሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰብለወንጌል አየለ በ1952 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ የባቡር ጩኸት እየሰሙ አደጉ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1978 ዓ.ም. አሶሳ ተመደቡ፤ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም ሒሳብ አስተማሩ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብዙወርቅ ይመር ጋር ጋብቻ መሥርተው ብሪቱንና አሳምነውን ወልደዋል። ወይዘሮ ብዙወርቅ በተጋቡበት ዓመት ጓሮው መሐል የማንጎ ችግኝ ተከሉ።

አቶ ወንድምአገኝ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። ጡረታ እንደወጡ፣ ባቡር በማይደርስበት አሶሳ ክንድ የሚያህል ባቡር በጓሮዬ አስኬዳለሁ ብለው ተነሡ። ሞተሩን ከአሮጌ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ፈቱ፣ ሀዲዱን ከቀጭን ብረት በየዱ፣ መስመሩን በገመድ እየለኩ መሬት ላይ በአመድ አሰመሩ። ዙሩ ግን አልገጥም አለ። በዛፉና በአጥሩ መካከል መታጠፊያው ስለሚጠብ ባቡሩ እዚያ በደረሰ ቁጥር የወይዘሮ ብዙወርቅ ባሚያ ላይ ይገለበጣል። ልጆቹ ማንጎው ይቆረጥ አሉ። የባሚያቸው ነገር ያንገበገባቸው ተካይዋም ይቆረጥ አሉ። አቶ ወንድምአገኝ ግን "እሱ ከባቡሩ ቀድሞ መጥቷል" ብለው እምቢ አሉ፤ አመዱን እየጠረጉ እንደገና ማስመር ሆነ ሥራቸው።

የቀረው መላ ሀዲዱን በጎረቤታቸው በአቶ ኻሚስ ዓብዱልላጢፍ ግቢ ማሳለፍ ነበር። አቶ ወንድምአገኝም የሰው ግቢ በአጥር ተንጠራርቶ አይጠየቅም ብለው፣ ለልጃቸው ሚስት እንደሚያጭ አባት ሽማግሌ ላኩ። አቶ ኻሚስ እስኪበቃቸው ሳቁ። "ለባቡር ሽማግሌ ይላካል? ወላሂ፣ ቤቱ ነው፤ ይግባ" ብለው የቀርከሃ አጥራቸውን በገዛ እጃቸው ከፈቱ።

በ2016 ዓ.ም. አቶ ወንድምአገኝ የልብ ሕመም ጸናባቸው። ሐኪም ዕረፉ ቢላቸውም ወንበር አስወጥተው፣ ተቀምጠው ያሠሩ ነበር። ባለፈው ጥር ባቡሩ ማንጎውን ዞሮ፣ በአቶ ኻሚስ ደጅ አልፎ፣ ሳይገለበጥ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። አይተውም አለቀሱ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ስሜ ከቤተሰቡ ጋር ይጠራ ያሉት አቶ ኻሚስ በሐዘን ላይ ናቸው። የለቅሶው ድንኳን በሁለቱም ግቢ ተዘርግቷል፤ አቶ ኻሚስ ከእንግዲህም አጥሩ አይዘጋም ብለዋል። ጎረቤታቸው ደጁን እንደከፈተላቸው፣ እግዚአብሔርም ደጁን ከፍቶ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።