ሱቅህ ተዘጋ፣ ቅዳሜህ ግን ቀጥሏል

ይድረስ ለተሼዬ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ይኸው መንፈቅ ሊሞላን ነው። እንደምን አለህ እንዳልል የት እንዳለህ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ደግ ቦታ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ተቀምጫለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሰፈራችን ስቶን ማውንቴንም ያው እንደተውከው ነው። መኪናህን ለእህትህ ልጅ ለብሩክ ሰጠሁት፤ ወር ሳይሞላው የኋላ መብራቱን ሰብሮ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ብረት ነው፣ ይጠገናል አልኩት። የማን ንግግር እንደሆነ ታውቀዋለህ።

የምጽፍልህ ግን ስለ መኪናው አይደለም። ኖርክሮስ ያለው የሆቢ ሱቅ፣ ያ የሞዴል አውሮፕላን መሸጫ ተዘጋ። አዎ፣ የሮን ሱቅ። በሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የገባህበት ቀን ትዝ ይልሃል? መኪናችን ጋራዥ ገብታ ስትጠብቅ፣ ጊዜ ልግደል ብለህ ከጎን ያለውን ሱቅ ከፍተህ ገባህ፣ ሳጥን ታቅፈህ ወጣህ። ሳጥኑ ላይ የሚያምር አውሮፕላን ተሥሏል። እኔ ቤት ውስጥ ብከፍተው በዘንግ ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ብቻ! ወይ ጉድ፣ ተሰብሮ ነው የሸጡልህ፣ አሁኑኑ ወስደህ መልስ ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ፤ ለካ ቁርጥራጩን ገጣጥሞና ቀብቶ አውሮፕላን የሚያደርገው ገዢው ራሱ ነው። ያን ታሪክ ለሮን ነግረኸው እሱ ደግሞ ለስንቱ እንዳወራው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ገና ሳንተዋወቅ አውሮፕላኔ ደህና መሆኑን ይጠይቀኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ስትነዳ ትውላለህ፣ ከዚያ ቤት ገብተህ ስትነዳ ያየኸውን አውሮፕላን ትሠራለህ። ወጥ ሠሪ ቤቷ ገብታ የወጥ ሥዕል ትሥላለች እንዴ እያልኩ አሾፍብህ ነበር። የቀለሙ ሽታ ሲበዛብኝ ወደ ጋራዡ አባረርኩህ፤ አንተም ማሞቂያና ሬዲዮ አስገብተህ ከሳሎን የተሻለ ቤት አደረግከው። ጣትህ በሙጫ ተጣብቆ ለእራት የቀረብክበት ቀን አለ። አጉርሼህ በላህ፣ ከዚያ ወዲህ ሆን ብለህ ነው የምታጣብቀው ብዬ እጠረጥርሃለሁ።

ልጅ አልሰጠንም። በዚህ የተነሳ የሻከረ ትዳር ስንት አይቻለሁ። እኛ ቤት ግን ሳቅ አልጎደለም፤ ለዚህ ከፈጣሪ ቀጥሎ አንተን አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱቁ ስትሄድና ከሰዓት ስትመለስ ሌላ ሰው ነበርክ። ሳምንቱን ሙሉ ሻንጣ ስትጭን የጎበጠው ጀርባህ ቀጥ ብሎ፣ ጓደኛዬ ካርል እንዲህ አለኝ፣ ሮን እንዲህ አሳየኝ እያልክ ትገባለህ። ያ ቅዳሜ ለኔም ይተርፍ ነበር።

ሱቁ መመንመን የጀመረው አንተ እያለህ ነው። መጀመሪያ የታንኮቹ ሳጥን ተነሳና በሪሞት የሚሄዱ መኪኖች ገቡ። ቀጥሎ መርከቦቹ ወጥተው የካርድ ጨዋታ ተተካ። አውሮፕላኖቹ ከፊት ግድግዳ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ አንዲት መደርደሪያ ወረዱ። አንተ በየሳምንቱ ዘመድ ታሞ ጠይቀህ እንደመጣህ ፊትህን ጥለህ ትነግረኛለህ። ታዲያ ኦንላይን አትገዛም፣ ይረክሳል አይደል ብልህ፣ ሳጥኑማ ይመጣል፣ ቀለሙ ለምን እንደሚላጥ አጠገቤ ቆሞ የሚያሳየኝ ሰው ግን በፖስታ አይመጣም አልከኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ አክስትህ እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሙን የሚያስጠራ ልጅ እንኳ ሳይተካ ብለው አለቀሱ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ የለቅሶ ወጉ ነው። እኔን ግን እዚህ ደረቴ ላይ ቀረ። እውነት ነው እኮ፣ እኔ ስከተልህ ማን ተሾመ ይላል? ሮንና የሱቁ ሰዎች ያን ቀን መጥተው ነበር። ማንም ተነስቶ ሲሄድ ስላላዩ መሄድ ነውር መስሏቸው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጡልህ። እግራቸው ደንዝዞ ሲነሱ ብሩክ ነው ደግፎ ያወጣቸው። ሮን በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን መጣ። እግዜር ይስጠው፣ ከዘመድ አላነሰም።

አርባህ ከወጣ በኋላ እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሱቁ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያልተከፈተ ቀለም ልመልስ ብዬ ነው። ከዚያ ያለ ምክንያትም ሄድኩ። ከኋላ ያለችው ረጅም ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ ሲሠሩ አያለሁ። ቴሽ ቢሆን ይህን ክንፍ እንደገና ይሞርደው ነበር ይላል ካርል። ቴሽ መመሪያውን መቼ አንብቦ ያውቃል ይላል ሮን፣ ይሳሳቃሉ። ተሾመ ማለት አቅቷቸው ቴሽ ያሉህ ሰዎች! ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ስምህ ይጠራል፤ እሱ ለነፍስህ ነው፣ ተመስገን። እዚያ የሚጠሩት ግን ቀልደኛውን፣ ችኩሉን፣ የኔን ተሾመ ነው። ከዚያ ስመለስ እንደበላ ሰው እጠግብ ነበር።

ታዲያ ሮን ሬንቱ ጨመረ፣ ሰው ሁሉ ኦንላይን ያዛል፣ ሱቁን ዘግቼ ሪታየር ላደርግ፣ ጡረታ ልወጣ ነው ሲለኝ እንዴት እንደደነገጥኩ አትጠይቀኝ። የፈራሁት ለፕላስቲኩ አይደለም። ስምህን የሚጠሩት ሰዎች ሊበተኑብኝ ነው ብዬ ነው። እትዬ በላይነሽ ያሉት ሊደርስ ነው አልኩ።

ሱቁ በሚዘጋበት ቀን ምን እንዳደረግኩ ስማ። ምስር ወጥ ሠራሁ፣ እንጀራ በትሪ ጠቀለልኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ወግ አላውቅም! ፓርክ አድርጌ ስወርድ ሰው ለቅናሽ ዋጋ ተሰልፏል። እኔ ድስቴን ይዤ በመሃል አለፍኩ። አንዱ ገዢ ይሄስ ስንት ነው ብሎ ድስቱን ጠየቀኝ። ሮን ግን ነጠላዬን እንዳየ ገባው፤ እኛ ቤት ተቀምጦ አይቶታል። ካሽ ሬጅስተሩን ለሱቁ ረዳት ትቶ መጣና አቀፈኝ፣ ዓይኑ ሞላ። ከኋላ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አልን፣ ከካርልና ከሌሎቹ ጋር በላን። ገዢዎቹ መደርደሪያውን እየነቀሉ ሲወስዱ እኛ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተቀመጥን።

ከዚህ በኋላ የት ትገናኛላችሁ አልኳቸው። ኢንተርኔት ላይ ግሩፕ አለ አለ አንዱ፣ እሱም ደስ ሳይለው። ደሜ ፈላ። እኛ አገር ሰው ለመሰብሰብ ሱቅ አያስፈልገውም፣ ማኅበር በየቤቱ ነው የሚዞረው፣ የዛሬው ባለ ተራ ያበላል፣ የሚቀጥለው ጽዋውን ተረክቦ ይሄዳል፣ ጽዋ ቤቱ ያደረ ሰው ደግሞ መቅረት አይችልም ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋቸው። ካርል ሁለቴ አስደገመኝ። ሮን ግን ወዲያው፣ የመጀመሪያው ተራ የማን ነው አለ።

የኔ ነዋ! ያ ቁም ሳጥን ሙሉ፣ አልጋ ስር ሙሉ፣ ሪታየር ሳደርግ እሠራዋለሁ ያልከው የሞዴል ሳጥን ሁሉ አለ አይደል? ብሩክ ኦንላይን እንሽጠው ሲለኝ እንቢ ብዬ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። ጽዋችን አንድ ያልተከፈተ ሳጥንህ ይሆናል አልኩ፤ ባለ ተራው ይረከባል፣ በቀኑ ይከፈታል፣ ሁሉም ሰው ይሠራዋል። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ሳቁና፣ ማኅበር አትበሉት፣ እሱ የጻድቃን ነው፣ መሰብሰባችሁ ግን ጽድቅ ነው አሉኝ። ስለዚህ ስሙን ቅዳሜ ብለነዋል።

ዛሬ የመጀመሪያው ነበር፣ እኛ ቤት። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ካርል ትልቁን መብራቱን ይዞ መጣ፣ ሮን ከሱቁ የተረፉትን ቀለሞች በሙሉ። ጋራዥህን ከፈትኩላቸው። ገና ሲገቡ ሁሉም ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ለኔ ጎማ የማጣበቅ ሥራ ሰጡኝ። አንዱን ጎማ ጠማማ አድርጌ አጣበቅኩት። ይሁን፣ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቆመው።

አንዲት ነርስ ከደንዉዲ ከተማ መጥታለች። ሱቁ ሲዘጋ የመጀመሪያ ሳጥኗን በቅናሽ ገዝታ፣ የሚያስተምራት አጥታ ስትዞር ሮን ነው የጠራት። ዝምተኛ ልጅ ናት። የአውሮፕላኑን ተለጣፊ ምልክቶች ውሃ ውስጥ ነክራ ክንፉ ላይ ስትለጥፍ ቆየችና፣ በመሃል ቀና ብላ፣ ሁላችሁም የምትሉት ይሄ ቴሽ ማነው ብላ ጠየቀች።

ተሼዬ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መለሱላት። ካርል ይጀምራል፣ ሮን ያርመዋል፣ ሌላው አይ እንደሱ አይደለም ይላል። እኔ የምናገረው ሞልቶኝ ነበር፤ ግን መስማት ፈለግኩ። እሷም እጇን ትታ ታዳምጣለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያስ ትላለች።

አልረሳህም ብዬ ቃል መግባት ለኔ ቀላል ነው፤ ረስቼህ የት እገባለሁ? የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። ትዝታህን ለብቻዬ ቆልፌ አልይዘውም፤ ተራዬ ሲደርስ በሬን እከፍታለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ከሞትክ ወዲህ የሚያውቁህ ሰዎች የሚያንሱ እንጂ የሚጨምሩ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ በአንድ ሰው ጨመሩልህ።

ያንተው ዘኒ