ጳጉሜን የማታውቀው ኮምፒውተር

ውድ ያዕቆብ፣

ከቀብርህ እንደተመለስኩ ልጽፍልህ ተቀምጬ ወረቀቱን ባዶውን አጥፌ ተነሳሁ። ዛሬ ግን ቢሯችን አዲስ ኮምፒውተር ገብቶለት ያችን አሮጌዋን ወደ መጋዘን ሲወስዷት ሳይ ብዕሬን አነሳሁ።

ትዝ ይልሃል? በገና ሰሞን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቢሯችን ስትመጣ ከአንተ በቀር ደፍሮ የነካት አልነበረም። ጠዋት ስትከፈት በዚያ ጥቁር ስክሪኗ ቀኑን ትጠይቃለች። ደብዳቤዎቻችን በእኛ አቆጣጠር ስለሚወጡ ጥርን አምስት፣ የካቲትን ስድስት እያልን እንሞላላት ነበር። የቀረውን አንተ በጻፍክላት ትእዛዝ ራሷ ትሠራዋለች። ማንም ቁልፍ ሳይነካ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየወጡ የመጻፊያውን ፕሮግራም ትከፍታለች፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ትጽፋለች። ወር ሲገባ ደግሞ ሥራችንን ወደ ዲስኬት ትገለብጣለች። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ብዙዬ «በስመ አብ! ይቺስ ያደረባት ነገር አለ» እያሉ ክፍሉን ከበር ሆነው ይጠርጉት ነበር።

ሐምሌ ላይ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርክ። ስትሰናበተኝ «ዊዳድ፣ ጠዋት ጠዋት ስትከፍቻት ቀኑን መሙላት አትርሺ» አልከኝ፤ ሌላ ነገር ትላለህ ብዬ ስጠብቅ እጄን ጨብጠህ ሄድክ። መስከረም ጠባ፤ አልደወልክም። እኔም ኮራሁ። ሀሴትን ማግባትህን የሰማሁ ቀን ቤት ገብቼ ተሸፋፍኜ ተኛሁ፤ አባቴን ራሴን አሞኛል አልኩት።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መተኛትህን ስሰማ ግን ኩራቴ የት እንደገባ እንጃ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ መጣሁ። ሀሴት መድኃኒት ልትገዛ ወጣ እንዳለች፣

«እንዲያው ዊዱ፣ ለምን ዝም አልሽኝ?» አልከኝ።

«መቼ?»

«ጠይቄሽ አልነበር? በአፌ መናገሩን ብፈራው ለማሽኗ አዝዤ ሄድኩ። ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ስትከፍቻት፣ ‹ዊዳድ፣ ታገቢኛለሽ? እሺ ካልሽ ለአዲስ ዓመት ኮምቦልቻ ነይ› ብላ እንድትጽፍልሽ። መስከረም አንድ ቀን መናኸሪያ ቆሜ ከደሴ የሚወርደውን መኪና ሁሉ ስጠብቅ ዋልኩ።»

ክው አልኩ።

«ወላሂ፣ ምንም አልጻፈችም! ጳጉሜ የላትም እኮ። የፈረንጅ ናት፣ ወሯ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሦስት ብዬ ስሞላላት አልቀበልም አለችኝ፤ ጳጉሜን በሙሉ የቀኑን ቦታ ሳልሞላ እያለፍኩ ነው የሠራሁት።»

አፍጥጠህ አየኸኝ። ከዚያ ሳቅህ መጣ።

«ለካ ከገና ወዲህ ነው የመጣችው! አንድም ጳጉሜ አብረናት አላሳለፍንም!» እስክታስል ሳቅክ፤ እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ሲበርድልህ ቀስ ብለህ፣

«ባየሽውስ ኖሮ?» አልከኝ።

የሀሴት ሹራብ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ነበር። እሱን አየሁት።

«እምቢ ነበር የምልህ» አልኩ። «አባቴን ታውቀው የለ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልክ፣ በእኔ አፍ እየቀለድክ። «እንኳን አላየሽው።» ፊትህ ቀለል ሲለው አየሁ።

ዋሸሁህ፣ ያዕቆብ። እሺ ነበር የምልህ። አባቴን በሽማግሌ አስለምኜ፣ እምቢ ቢለኝም ቁጣውን ችዬ፣ በመጀመሪያው መኪና ነበር የምመጣልህ። እወድህ ነበር፤ አሁንም እወድሃለሁ።

ለቅሶ ስደርስ ሀሴት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ያን ቀን ሳቁን ከኮሪደር ሰማሁት። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ምን ብለሽው ነው? ንገሪኝና እኔም ልሳቅ» አለችኝ።

«የኮምፒውተር ነገር ነው» አልኳት።

አልገባትም። ግን እጄን ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ጌታህ በሰላም ያሳርፍህ፤ ዱዓዬ አይለይህ። ለእሷ በሕይወት እስካለሁ አልነግራትም።

ዊዳድ ሀምዱ
ደሴ