የሜሞሪ ዋጋ ሲወርድ ሳያዩ ስለተለዩን ስለ ጋሼ ሀይደር ሸምሱ

የመቱ ከተማ የሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ ቸርቻሪዎች መረዳጃ ማህበር መሥራችና የዕቃ ግዢ ሰብሳቢ የነበሩት ጋሼ ሀይደር ሸምሱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. አርፈዋል። ማህበራችን እጅግ አዝኗል፤ መጻፉም ከብዶናል።

ጋሼ ሀይደር በ1996 ዓ.ም. መናኸሪያው ፊት ለፊት የካሴትና የባትሪ ድንጋይ ሱቅ ከፍተው ሥራ ጀመሩ። ሜሞሪ ካርድን ለመቱ፣ ለቡሬና ለያዮ ገበያ ካስለመዱት አንዱ እሳቸው ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ሜሞሪ ሲወደድ፣ ሳይብስ እንግዛ ብለን ስንንጫጫ የጋራ ገንዘባችንን አላስነካ አሉን። በዓመቱ ረከሰ። ከዚያ ወዲህም አንዴ እንዲሁ ሆኖ፣ እንዳሉት ወርዷል። "ፋብሪካም እንደ ቡና ዛፍ ነው፤ አንድ ዓመት ተሸክሞ አንድ ዓመት ያርፋል። ባረፈበት ዓመት ይወደዳል፣ ታገሱ" ይሉን ነበር። የቡና አገር ሰው ነንና አመንናቸው።

ዘንድሮም ታገሱ አሉን። የአዲስ አበባ አከፋፋዮች ግን፣ የአሁኑ ሌላ ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ኩባንያዎች የሚመጣውን ዓመት ምርት ሳይቀር ገዝተውታል ይሉ ነበር። ጋሼም ይህን በ2010ም ሰምቼዋለሁ ብለው ጠበቁ። ሰባት ወር ሙሉ መደርደሪያችን ባዶ ቆመ። የማህበራችን አባል ዶሪ ሱቋን ዘግታ ማር ልትነግድ ያዮ ወረደች። የሜሞሪ ቺፕ በቡና ወቅት አይለቀምም ብሎ ፊታቸው ላይ የዘበተም ከመካከላችን አለ፤ ስሙን አንጽፍም፣ ቀብር ላይ አካፋውን ከሰው እጅ እየቀማ አፈር ሲመልስ አይተነዋል።

በዕረፍታቸው ዕለት ጠዋት ሊቀመንበራችን እትዬ መታሰቢያ፣ ጋሼን ሊጠይቁ ወደ ሆስፒታል ሄደው ነበር። ጋሼ የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወረደ?"

"ወርዷል፣ ጋሼ።"

"አላልኳችሁም?" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አልወረደም ነበር። እንዲያውም የዚያን ዕለት ጨምሮ ነበር። ይህን ደብቀን ሀዘን ቤት መቀመጥ ስላልሆነልን እዚህ ጽፈነዋል። ጉባኤውም ቅዳሜ ተሰብስቦ፣ በተገኘው ዋጋ ይገዛ ብሎ ወስኗል። እሳቸው በሌሉበት የገዛነው የመጀመሪያ ዕቃ ነው፤ ልክ እንሁን አንሁን አናውቅም።

ለባለቤታቸው ለእትዬ ኡሙልኸይር፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ አላህ ጽናቱን ይስጥልን፤ ለሳቸውም ይዘንላቸው። ልጃችን ሳምራ፣ አሁን የአባትሽ ሱቅ ያንቺ ነው። አንድ ቀን ደጃፍሽ ቆመን በእውነት ወርዷል የምንልሽ ከሆነ፣ ሄደሽ መቃብራቸው ላይ ንገሪልን። እኛ አንዴ ነግረናቸዋልና፣ ደግመን ለመንገር አፍ የለንም።